የኃይል ድህነት «መብራት ገብቷል ወይ» በሚል ጥያቄ ብቻ ይለካልን?

በታዳጊ አገሮች የቤተሰብን የኃይል ድህነት፣ ማለትም ለመብራት፣ ለማብሰያና ለመሳሰለው የሚሆን በቂ ኃይል ማጣትን፣ ለመለካት መብራት መግባቱን መጠየቅ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ፈጽሞ አይበቃም። ቆጣሪ ተገጥሞለት ምሽት ምሽት መብራት የሚጠፋበት ቤት በዚህ ጥያቄ «አለው» ተብሎ ይመዘገባል፤ እናቲቱ ግን ጭስ በሞላው ማድቤት እንጨቱን እፍ እያለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እንጀራ ትጋግራለች።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ባለብዙ ደረጃ ማዕቀፍ ይህን ጉድለት ለማረም ቤተሰቦችን ከ0 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች የሚመድብ ሲሆን፣ የኃይሉን መጠን፣ በቀን የሚገኝበትን ሰዓት፣ መቆራረጡን፣ ዋጋውንና አደጋ የሌለው መሆኑን ጭምር ይመረምራል። ለደረጃ 1 በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ሲበቃ፣ ለደረጃ 5 ግን 23 ሰዓት ያስፈልጋል። ማብሰያ ለብቻው ይለካል።

ሌላው፣ ባለብዙ ገጽታ የኃይል ድህነት መለኪያ የሚባለው፣ የማብሰያ ነዳጅን፣ የቤት ውስጥ ጭስን፣ መብራትን፣ ማቀዝቀዣን፣ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥንንና ስልክን አይቶ በኃይል ድሃ የሆኑትን ሰዎች ድርሻ በእጦታቸው ጥልቀት ያባዛል። በየአገሩ ከተሰበሰቡ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ስለሚሰላ አገሮችን ለማነጻጸር ይመቻል፤ ሆኖም ዕቃው መኖሩን እንጂ መሥራቱን አያይም።

ጥናትዎ በኢትዮጵያ ከሆነ የምጣዱን ጉዳይ ለይተው ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሺህ የሚቆጠር ዋት ስለሚስብ፣ በፀሐይ ፋኖስ ብርሃን ያገኘ ቤት ከማገዶ አይላቀቅም።