«የማይመረመር» ማለት አትመርምሩ ማለት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እርስዎ የቋንቋ ተመራማሪም ነዎት አማኝም ነዎት። በጸሎት እግዚአብሔርን «የማይመረመር» እንለዋለን፣ ታዲያ ሪሰርችና እምነት እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ቃሉ ራሱ አትመርምሩ እያለ አይደል? ደሞ ለምን «መርማሪ» አይባሉም?

መልስ፦ እህቴ ጥያቄሽን በጣም ነው የወደድኩት፣ እኔንም ሊንጉስቲክስ ስጀምር ያስጨነቀኝ ቃል ነው። ቃሉ ግን አትመርምሩ አላለም። እስቲ «አይመርመር» እና «አይመረመርም» የሚሉትን ጮክ ብለሽ በያቸው። የመጀመሪያው ክልከላ ነው፣ ማንም አይንካው ማለት። ሁለተኛው ግን መሃል ላይ «ር» የነበረችው «ረ» ሆናለች፣ መጨረሻው ላይ «ም» መጥታለች፣ በቃ ትርጉሙም ዞረ፣ ተመርምሮ አያልቅም ማለት ሆነ። «የማይመረመር»ም የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው፣ «ረ»ዋን ያዢልኝ። «የማይቆጠር ሕዝብ» ስንል እኮ መቁጠር ክልክል ነው ማለታችን አይደለም፣ ብትቆጥሪው አትጨርሺውም ነው።

እርግጥ «ይሄ አይነካም!» ስንል ክልከላም ይሆናል፣ ስለዚህ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ሮሜ 11፥33 ላይ ጳውሎስ «ፍርዱ እንዴት የማይመረመር ነው» ካለ በኋላ «ለመንገዱም ፍለጋ የለውም» ይላል፣ እዚህ ጋ «ፍለጋ» መፈለግ ሳይሆን ዱካ ማለት ነው፣ የእግር ኮቴ። ዱካ የለም የሚለው ደግሞ ዱካ ሲከተል የቆየ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠማ በምን ያውቃል? ሰውዬው እየከለከለን ሳይሆን እየተደነቀ ነው፣ እኔ እንደዛ ነው የማነበው። በሐዋርያት ሥራ 17፥11 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑትም መጻሕፍትን ዕለት ዕለት እየመረመሩ ስለተቀበሉ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን መዝሙር 139 ነው (በግዕዙ ቁጥር 138)፣ «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ይላል። ግሱ ያው ነው፣ ባለቤቱና ተሳቢው ግን ቦታ ተለዋወጡ፣ መርማሪው እሱ ሆነ ተመርማሪው እኔ። ቀኑን ሙሉ ግስ ስፈታ ውዬ ማታ ይሄን ስደርስ ስራዬና ጸሎቴ ሁለት አይሆኑብኝም፣ እውነቴን ነው።

«መርማሪ» ያልሽውም ስህተት የለበትም፣ ግን ፖሊስ ወስዶታል፣ ሰው ሲሰማው ወንጀል ነው የሚመጣበት። «ተመራማሪ» ላይ ያለችው «ራ» መመላለስን ትጨምራለች፣ አንዴ አይቶ መዝገብ የሚዘጋ ሳይሆን ነገሩን ደጋግሞ የሚያገላብጥ ሰው ማለት ነው፣ ስለዚህ በሱ ጥሪኝ።