የልብን በደም መሙላት በሂሳብ ሞዴል ስለመግለጽ፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። «የልብ የታችኛው ግራ ክፍል በደም ሲሞላ የሚያሳይ የሂሳብ ሞዴል ልሠራ ነው፤ የክፍሉን ግትርነት ለማወቅ በኢኮ (በድምፅ ሞገድ በሚደረግ የልብ ምርመራ) የሚለካው የፍጥነት መውረጃ ጊዜ፣ ማለትም የሚገባው ደም ከከፍተኛ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ የሚወርድበት ጊዜ፣ አይበቃም ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ እዚህ ጅማ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎችን በዚሁ ርዕስ ሳማክር ካየሁት ተነስቼ፣ አይበቃም እላለሁ።

ክፍሉ ደም እስኪፈስበት ዝም ብሎ አይጠብቅም። ልብ ሲኮማተር የታመቁት የጡንቻው ፕሮቲኖች፣ በተለይም ቲቲን፣ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደሙን ይስባሉ፤ ስለዚህም በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች የደሙ መጠን እየጨመረ የክፍሉ ግፊት ግን ይወርዳል። ሻንዶር ኮቫክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ሞዴል፣ በዶፕለር (በኢኮ የደምን ፍጥነት በሚለካው ዘዴ) የሚታየው ኢ ሞገድ፣ ማለትም በሙላቱ መጀመሪያ የሚገባው ደም የፍጥነት ግራፍ፣ ታምቆ እንደተለቀቀ ስፕሪንግ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። መለኪያዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ግትርነቱ፣ እንቅስቃሴውን የሚያቀዘቅዘው ሰበቃ፣ እና ስፕሪንጉ ሲለቀቅ ከማረፊያው የነበረው ርቀት።

ቁጥር አስገብተው ይሞክሩት። ክብደቱን 1 አድርገው፣ ለግትርነቱ 200፣ ለሰበቃው 17 (ጊዜው በሴኮንድ)፣ ለመነሻ ርቀቱ 10 ሴንቲሜትር ቢሰጡ፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 70 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የሞገዱ ቆይታም 0.28 ሴኮንድ ይሆናል። አሁን ግትርነቱን ሳይነኩ ሰበቃውን ብቻ ወደ 25 ያሳድጉ፤ ከፍተኛው ፍጥነት ወደ 56 ይወርዳል፣ ቆይታው ወደ 0.48 ሴኮንድ ይረዝማል። የመውረጃ ጊዜውን ብቻ ያየ ሰው ግን የተለወጠው ግትርነቱ ይመስለዋል። ተማሪዎቼን ሁለት ነጥብ ለክታችሁ አትመለሱ፣ የሞገዱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኩልታው ጋር አገጣጥሙ የምላቸው ለዚህ ነው።

ይህ የሚሳካው ምስሉ ሲፈቅድ ነው። ሞገዱ ተጨምቆ እንዳይቀረጽ ባለሙያው የማሽኑን የቀረጻ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 100 ሚሊሜትር ከፍ እንዲያደርግልዎ አስቀድመው ይጠይቁ። የልብ ምት ሲፈጥን ደግሞ ኢ ሞገድና ከላይኛው ክፍል መኮማተር የሚመጣው ኤ ሞገድ ስለሚደራረቡ፣ የእነዚያን ታካሚዎች ቅጂ መተው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ሰው ስለሚያጠቃ ነው። በዚህ ሕመም ማይትራል ቫልቩ (በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) በጠበበ ሰው ላይ ፍሰቱን በዋናነት የሚወስነው የቫልቩ ቀዳዳ እንጂ የጡንቻው መለጠጥ ስላልሆነ፣ የስፕሪንጉ እኩልታ የሚያወጣው ቁጥር ስለ ጡንቻው ምንም አይናገርም። እዚያ ላይ የተለመደው ስሌት፣ በቫልቩ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በግማሽ የሚወርድበትን ጊዜ በሚሊሴኮንድ ለክቶ፣ 220ን ለእሱ በማካፈል የቀዳዳውን ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ማግኘት ነው። እነዚህን ታካሚዎች መረጃ መሰብሰብ ከመጀመርዎ በፊት ከናሙናዎ ይለዩዋቸው።