ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ

ይድረስ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በባሕር ዳር የወላጆቻችሁን ቤት ለተረከባችሁ፣ ወይም አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ለማደስ ላሰባችሁ ልጆቼ።

ለእድሳት ያወጣችሁት ብር ሁሉ በቤቱ ዋጋ ላይ አይደመርም። ገዥ ሴራሚኩን አይቶ ያደንቃል፤ ዋጋ የሚያስቀንሰው ግን ኮርኒሱ ላይ ያየው የፍሳሽ ምልክት ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሥሩ። መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ የግቢው ውኃ መውረጃ፣ ከዚያ ቋሚና ግድግዳ፣ ወለል፣ ቀለም በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ይከፍላል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32፣ 32 ከ35 ይወፍራል። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለ60 ካሬ ጣሪያ እንግዲህ 40 ይበቃል፤ ለብልሽት 3 ወይም 4 ጨምሩ። ምስማሩ ባለ ጎማ ቆብ ይሁን፤ ውኃ የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ የሚመታው በጉብታው ላይ ነው። ታዛው ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የጭቃ ቤትን ዕድሜ የሚወስነው ከምንም በላይ ታዛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጭቃ ቤት ከሆነ የእያንዳንዱን ቋሚ ግርጌ በመዶሻ አንኳኩ፣ በወፍራም ምስማር ውጉት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ወይም ምስማሩ ያለ ግፊት ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ። ድጋፍ አቁማችሁ አንድ በአንድ ለውጡ፤ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቋሚዎች ባንድ ጊዜ አይነቀሉም። አዲሱ እንጨት ተልጦ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመምና ምርጊቱን ይሰነጥቃል።

በዚህ ዘመን ብዙ ብር የሚባክነው በጭቃ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የሲሚንቶ ልስን ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይሰጣል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለት ሦስት ክረምት ልስኑ ያብጥና በገበታ በገበታው ይወድቃል፤ ውስጥ የታፈነው እርጥበትም ማገሩን ያበሰብሰዋል። በጭድ በደንብ የቦካ ምርጊት፣ አንዱ እጅ ከደረቀ በኋላ ሌላው እየተደረበ፣ በላዩም ኖራ ቢቀባ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሲሚንቶ የግድ ከሆነ በምስማር የተያዘ ወንፊት ሽቦ ከሥሩ ይኑር። ጭድ የሚረክሰው ጤፍ ከተወቃ በኋላ ነውና የምርጊት ሥራ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሁን፤ ጣሪያው ደግሞ ግንቦት ሳይገባ ይለቅ።

መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ የቆመ ቤት ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚነሣ ስንጥቅ ነው። ወዲያው አትድፈኑት። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጠብቁ። ጄሶው ከተሰነጠቀ መሠረቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ 3 ሳንቲ ያህል የሚያዘቀዝቅ ንጣፍ ሥሩ፤ የአሸንዳውን ውኃ በቦይ አርቁት። ይህ ሥራ ለዓይን አይማርክም፣ ግን ከሌላው እድሳት ሁሉ ይበልጣል።

ለአንድ 4 በ4 ክፍል ሊሾ 25 ሳንቲ የድንጋይ ንጣፍ (4 ሜትር ኩብ)፣ በላዩ 5 ሳንቲ ኮንክሪት፣ ከዚያ 2 ሳንቲ ማለስለሻ ይገባል። ሲሚንቶው ባለ 50 ኪሎ 8 ከረጢት ያህል ነው። ለ7 ቀን ውኃ ካልጠጣ ይፈረፈራል፤ ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ስለሚሄድ ውኃ ማጠጣቱ የእናንተ ሥራ ነው።

የእንጀራ ምጣድ እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ 18 አምፔር ማለት ነው። ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከሌላ ሶኬት ጋር ከተቀጠለ ሽቦው ይግላል፣ እሳትም የሚነሣው ከዚያ ነው።

ወደ ሂሳቡ ስንመጣ፣ ለኪራይ ብላችሁ የምታድሱ ከሆነ ወጪውን በሚጨምረው ወርኃዊ ኪራይ አካፍሉ። 120,000 ብር አውጥታችሁ ኪራዩ በ1,500 ብር ቢጨምር ብሩ የሚመለሰው በ80 ወር ነው። ለተከራይ የተለየ ቆጣሪ፣ በቂ ውኃና ራሱን የቻለ መግቢያ ከሴራሚክ ይበልጥበታል። አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ስለማይጠፋ ከበጀታችሁ 15 እስከ 20 በመቶ ለብቻ አስቀምጡ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተገነባውና በቋሚነት የተሻሻለው ግን የባለቤቱ ነው። ገዥ የሚከፍለው ለሕንፃው ከሆነ ወረቀቱ ንጹሕ መሆን አለበት። ክፍል ከመቀጠላችሁ በፊት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አውጡ፤ በፕላኑ የሌለ ክፍል ሽያጭ ሲደርስ ክርክር ያመጣል። ደረሰኞቻችሁን ከካርታው ጋር አኑሩ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውንም መዝግቡ፦ ቧንቧው በግፊት ተፈትኖ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከመለሰኑ በፊት ቧንቧውንም ሽቦውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከግድግዳው ጥግ ያላቸውን ርቀትም በሜትር ለክታችሁ ጻፉ።