«ውሃው አይፍላ»፦ ያለ ቅርፊት ስለሚቀቀል እንቁላል ጥያቄና መልስ

ባለወንፊቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንቁላልን ሰብሮ፣ ያለ ቅርፊቱ በሙቅ ውሃ ውስጥ ስለማብሰል ጥያቄ ያለው ዛሬ ማታ ይጠይቀኝ። በሆቴል ወጥ ቤት የቁርስ ተራ ላይ 11 ዓመት ቆሜያለሁ። ስለ ኬክና ስለ ጥብስ ሌላ ሰው ፈልጉ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ውሃው አይፍላ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ስጨምረው ነጩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይበታተንብኛል። ኮምጣጤ ጨመርኩ፤ ውሃውን በማንኪያ አዞርኩ፤ ለውጥ የለም። ምን አጥፍቼ ነው?

ባለወንፊቱ፦ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ጥፋቱ የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። የእንቁላል ነጭ አንድ ዓይነት አይምሰልሽ። አስኳሉን አቅፎ የሚይዝ ወፍራም ነጭ አለ፤ ከእሱ ውጭ ደግሞ እንደ ውሃ የሚፈስ ቀጭን ነጭ አለ። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሰብረሽ ብታዪ ሁለቱ ተለይተው ይታዩሻል። ዶሮዋ እንቁላሉን ከጣለችበት ሰዓት ጀምሮ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በዚህ የተነሣ የነጩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ7.6 አካባቢ ተነሥቶ ከ9 በላይ ይደርሳል፤ ወፍራሙም ነጭ ቀን በቀን እየላላ ወደ ቀጭንነት ይለወጣል። ድስትሽ ውስጥ ጨርቅ የመሰለው ይህ ቀጭኑ ነው። ኮምጣጤም ማንኪያም አያድኑትም።

መፍትሔው ወንፊት ነው። እንቁላሉን ትንሽ ሳህን ላይ ስበሪው፤ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ወንፊት ላይ ገልብጪው፤ ወንፊቱን 10 ወይም 15 ሰከንድ ያህል ቀስ አድርገሽ አወዛውዢ። ቀጭኑ ይወርዳል፤ ወፍራሙ አስኳሉን እንዳቀፈ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሲኒ መልሺውና የሲኒውን ከንፈር ውሃው ላይ አስነክተሽ አንሸራትቺው። ከላይ ከጣልሽው ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ነው። በነገራችን ላይ፣ ስሜን ያወጡልኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ መጀመሪያ ለፌዝ ነበር።

ችኩል፦ ስንት ደቂቃ?

ባለወንፊቱ፦ ምኑ? እንቁላሉ ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ የዋለ? ትልቅ ነው ትንሽ? አስኳሉ እንዲፈስ ነው እንዲረጋ? ሙሉ ጥያቄ ይዘህ ተመለስ።

አዲስ ገቢ፦ እንቁላሉ አዲስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ባለወንፊቱ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይክተቱት። አዲሱ ሥር ላይ ጋደም ይላል። የቆየው በሹሉ ጫፍ ይቆማል፤ ውሃ እየተነነ ሲሄድ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ስለሚያድግ ነው። የሚንሳፈፈውን ለዚህ ሥራ አይመኙት።

ሎሚ በእጄ፦ ኮምጣጤን ለምን ጠሉት? እኔ ሎሚ እጨምራለሁ፤ ሁልጊዜ ይሳካልኛል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ አሲዱ በእርግጥ ይሠራል። የነጩ ፕሮቲኖች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሲድ ሙሉን ሲቀንሰው ቶሎ ይያያዛሉ። ጨውም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

ሎሚ በእጄ፦ ጨው ነጩን ይበትነዋል ሲባል ነው የሰማሁት።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ከማን? ጨው መርጋትን ያፋጥናል።

ሎሚ በእጄ፦ መምህር፣ እርስዎ እንቁላል አብስለው ያውቃሉ ወይስ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው?

ባለወንፊቱ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ኮምጣጤ አልጠላሁም፤ ነገር ግን ላዩን ሻካራ ያደርገዋል፣ ጣዕሙም አፍ ላይ ይቀራል። ወንፊት የሌለው ሰው ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይጨምር። እኔ ትንሽ ጨው ለጣዕም አደርጋለሁ፤ ከዚህ አልፌ አልከራከርም።

ችኩል፦ እሺ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ መካከለኛ፣ አስኳሉ እንዲፈስ። ስንት ደቂቃ?

ባለወንፊቱ፦ አሁን ጠየቅህ። ውሃው 82 ዲግሪ ላይ ከሆነ 4 ደቂቃ አካባቢ። ጠረጴዛ ላይ የዋለ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ ቀንስ። ሰዓቱን ግን አትመነው፤ በቀዳዳ ጭልፋ አውጣና በጣትህ ቀስ ብለህ ንካው። ነጩ ጠንከር ብሎ መሀሉ ልስልስ ካለ ደርሷል። ነጩም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መልሰው።

ተራራ ላይ፦ የምኖረው ከፍታ ቦታ ነው፤ ቴርሞሜትር የለኝም። እዚህ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ሙቀቱም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እየፈላ ብጨምረው ምን ይጎዳል?

ባለወንፊቱ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እውነት ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን ጣጣው ሙቀቱ ብቻ መስሎዎታል። ፍል ውሃ ይናጣል፤ ገና ያልረጋውን ነጭ ይገነጣጥለዋል። 93 ሆነ 100፣ መናጡ ያው ነው።

ሙቀቱንም እንየው። ከነጩ ፕሮቲኖች ቀድሞ የሚረጋው 61 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል፤ ብዙውን ድርሻ የያዘው ግን 80 አካባቢ ካልደረሰ አይጠነክርም። አስኳሉ በ65 መወፈር ይጀምርና 70 ላይ መፍሰሱን ያቆማል። ልብ ብለዋል? ውስጥ ያለው አስኳል ውጭ ካለው ነጭ ባነሰ ሙቀት ይረጋል። የእኛ ሥራ ነጩ 80 አካባቢ ሲደርስ፣ ሙቀቱ አስኳሉ ዘንድ ሳይደርስ እንቁላሉን ማውጣት ነው። ለዚህ ነው ከ80 እስከ 85 ዲግሪ የምለው። ቴርሞሜትር ለሌለው፦ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ ተጣብቆ አልፎ አልፎ አንድ አንድ ወደ ላይ ይወጣል፤ የውሃው ገጽ ግን አይናወጥም። ካፍለቀለቀ እሳቱን ይቀንሱና ይጠብቁ። ውሃው አይፍላ።

ሥራ ፈት፦ በማይክሮዌቭ ይሆናል?

ባለወንፊቱ፦ አስኳሉ ሊፈነዳ ይችላል። ቀጣይ።

ሥራ ፈት፦ የሲሊኮን ኩባያውስ?

ባለወንፊቱ፦ እሱ በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ነው። ይበላል፤ ውሃ ግን አልነካውም።

ሎሚ በእጄ፦ አዲስ እንቁላል ከነቅርፊቱ ስቀቅል ለምን አይላጥልኝም? መምህሩ ያውቁ ይሆናል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ፒኤቹ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል።

ባለወንፊቱ፦ ይህ የመላጥ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። መምህሩ ያሉት ግን ልክ ነው። የቆየውን ለዚያ አስቀምጡት፤ አዲሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፦ አስኳሉ የሚፈስ ብበላ ችግር አለው?

ባለወንፊቱ፦ አዎ እህቴ። ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። አስኳሉም ነጩም እስኪረጋ ይብሰል፤ መሀሉ 71 ዲግሪ ይድረስ። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ሕመም ላዳከማቸውም እንደዚሁ። የቀረውን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

እንግዳ አለብኝ፦ ለ8 ሰው ማቅረብ አለብኝ። ውሃውን እያዞርኩ አንድ በአንድ ልሥራ?

ባለወንፊቱ፦ ማዞሩ ለአንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ይገጨዋል። ሰፊ ድስት ያዘጋጁ፤ የውሃው ጥልቀት 8 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን፤ አራት አራት ያብስሉ። ከዚህ በላይ ከጨመሩ ውሃው ይቀዘቅዛል። ምስጢሩ ደግሞ ይኸውና፦ ከቀኑ በፊት ማታ መሥራት ይቻላል። ነጩ እንደረጋ፣ ግማሽ ደቂቃ ቀደም ብለው አውጡና በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ከነውሃው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። እንግዶቹ ሲቀመጡ እጅ የማያስችል ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይክተቱት። ሆቴል ቁርስ ላይ 40 ሰው አንድ ጊዜ ሲያዝ ወጥ ቤቱ የማይደናገጠው በዚህ ነው።

የማታ ተረኛ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ውሃው ሲፈላ ነው የሚጨመረው?

ባለወንፊቱ፦ ወንድሜ፣ ርዕሱን አንብበኸዋል?

ሥራ ፈት፦ ነጩ ላይ የተጠቀለለው ክር ነገር ጽንስ ነው?

ባለወንፊቱ፦ አይደለም። አስኳሉን መሀል ላይ የሚይዝ ገመድ ነው። ይበላል።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ በወንፊቱ ሠራሁት! ድቡልቡል ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ግን ስልክ ሳነሳ ውሃው ፈልቶ ተበጣጠሰ። አሁን ደግሞ ወንፊቱን ባጥብ ባጥብ ነጩ አልለቅ አለ።

ባለወንፊቱ፦ በሙቅ ውሃ ነው ያጠብሽው?

ጀማሪዋ፦ አዎ፣ በጣም በሞቀ።

ባለወንፊቱ፦ ቀዳዳዎቹ ላይ አበሰልሽው እኮ። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው፤ ጠዋት በብሩሽ ይለቃል።