ከካንሰር ሕክምና በኋላ ትምህርት የከበደው ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ 3ኛ ክፍል ይማራል። በ5 ዓመቱ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ተገኝቶበት ሕክምናውን ከጨረሰ ዓመት አለፈው። በሽታው እንዳልተመለሰ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ትምህርቱ ግን እያደር ከበደው፦ ግማሹን ሳይገለብጥ ሰሌዳው ይጠፋል፤ ማታ የሸመደደው የማባዣ ሰንጠረዥ ጠዋት የለም። መምህሩ «ሰንፏል» አሉኝ። አስጠኚ ልቅጠርለት ወይስ ክፍል ይድገም? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይህ ስንፍና አይመስለንም። ካንሰሩ አንጎል ውስጥ እንዳይሸሸግ በወገብ መርፌ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ ለአንዳንድ ልጆች ደግሞ ጭንቅላት ላይ የሚሰጠው ጨረር፣ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች ሊጎዳ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚነካው የማሰብ ፍጥነትን፣ ትኩረትንና አንድን ነገር ለአፍታ በአእምሮ ይዞ መሥራትን ነው። ከሕክምናው በኋላ ቆይቶ፣ ትምህርቱ ሲበዛ ብቅ ማለቱም የተለመደ ነው።

እስቲ የፈተና ወረቀቱን አውጥተው ይዩት። የመጀመሪያዎቹ 10 ጥያቄዎች ትክክል ሆነው የቀሩት ባዶ ከሆኑ፣ ያጠረው ጊዜ እንጂ እውቀት አይደለም። ለ40 ደቂቃው ፈተና 60 ደቂቃ ይሰጠው፤ ካልተቻለ ከ20 ስሌት 10ሩን ይሥራ።

መገልበጥ ቀላል ይመስላል። እሱ ግን ቃሉን አይቶ፣ በአእምሮው ይዞ፣ ደብተሩ ላይ መስመሩን ፈልጎ ነው የሚጽፈው፤ በመሃል ይጠፋበታል። ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት ጣቶቹን አድክሞ ከሆነ እጁም ይዘገያል። የጓደኛውን ደብተር በስልክ ያንሱለት ወይም ፎቶ ኮፒ ያድርጉለት። ፊት ወንበር ይቀመጥ። ትእዛዝም አንድ በአንድ ይሁን፦ «ደብተርህን አውጣ»፤ ካወጣ በኋላ «ቀኑን ጻፍ»።

ማባዣውን በአንድ ጊዜ 3 ብቻ ያስይዙት፦ 6×6፣ 6×7፣ 6×8። ጠዋት ከቁርስ በፊት ይጠይቁት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይድገሙለት። ሦስቱ ሳያመነታ ካልመጡለት አዲስ አይጨምሩ። በዓረፍተ ነገር የተሰጠ የሂሳብ ጥያቄ ሲሠራ ግን ሰንጠረዡ ፊቱ ይቀመጥለት፤ የሚፈለገው ዘዴውን እንዲያውቅ ነው።

አስጠኚ ይጠቅማል፤ ከትምህርት ቤት ደክሞ እንደገባ የሚጀምር የሁለት ሰዓት ጥናት ግን ከንቱ ልፋት ነው። በልቶ ይረፍ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል። ክፍል መድገምን አንመክርም። ፍጥነቱን አይለውጠውም፤ ያው ሰሌዳ ይጠብቀዋል፣ ከእኩዮቹም ይለየዋል።

ዐይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩለት፤ በካንሰር ሕክምናው ወቅት ለኢንፌክሽን ተሰጥተውት ከሆነ፣ ጄንታማይሲንና አሚካሲን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮች መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። የደም ማነስና እንቅልፍም ይታይ። ከሐኪሙ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች፣ ጨረር ከተሰጠውም መጠኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለትምህርት ቤቱ የሚሄደው ደብዳቤ ግን ከበሽታው ታሪክ ይልቅ ተጨማሪ ሰዓቱንና የደብተር ቅጂውን በግልጽ ይዘርዝር። የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኙ የትኩረትና የማስታወስ ምርመራ ያስደርጉለት፤ ወደ ከፍተኛ ክፍል ሲሸጋገርም ይደገም።

ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ትውከት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአረማመድ መዛባት ካዩ ግን የትምህርት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።