ቀሪውን ጀርመንኛ እዛ ሄዶ መማር ወይስ እዚሁ ጨርሶ መሄድ?
ሰላም እህቴ፣ ኤ2 (ሁለተኛውን የጀርመንኛ ደረጃ) ጨርሻለሁ ቀሪውን ጀርመን ሄጄ ልማር ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ ልቀጥል ላልሽው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ቢያንስ ቢ2ን (አራተኛውን ደረጃ) እዚሁ ጨርሺ። እዛ ስትሄጂ ቋንቋው በራሱ ይገባሻል የሚሉሽን አትስሚ፣ አብረሽ የምትኖሪው ሀበሻ ነው፣ ሱፐርማርኬት ካርድሽን ነክተሽ ትወጫለሽ፣ ትንሽ ከተንተባተብሽ ደግሞ ሰዉ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርልሻል።

ብሩንም አስቢው። ለተማሪ ቪዛ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ እየተቆረጠ የሚለቀቅልሽ የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ) የሚገባው በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር የሚለቀቅልሽ 992 ማለት ነው፣ ከዛ ላይ የቤት ኪራይና ኢንሹራንስ ሲነሳ ለቋንቋ ኮርስ ምን ይተርፍሻል? ጎተ (አዲስ አበባ ያለው የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም) ተወደደ ብለን ስናማርር የነበርነው እዛ የኢንቴንሲቭ ኮርስ ዋጋ ስናይ ዝም ነው ያልነው።

በጀርመንኛ ለሚሰጥ ትምህርት አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ከሁለቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የጀርመንኛ ፈተናዎች አንዱን ነው፣ ወይ ቴስትዳፍ በአራቱም ክፍል ደረጃ 4 ወይ ዲኤስኤች ደረጃ 2፣ ስቱዲየንኮሌግ (ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚወሰድ መሰናዶ) መግባት ካለብሽ ግን ብዙዎቹ በቢ1 ወይ በቢ2 የመግቢያ ፈተና ያስፈትኑሻል። ቴስትዳፍ ላይ ሰው የሚደነግጠው መናገሩ ጋ ነው፣ ፊትሽ ሰው የለም፣ ሄድፎን አድርገሽ የምታወሪው ለኮምፒውተር ነው፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጎንሽ ያለው ተፈታኝ ደግሞ የራሱን መልስ ይጮሃል፣ አንቺ ዝም ካልሽ ዝምታሽ ይቀዳል በቃ😅 ስለዚህ ከአሁኑ ስልክሽ ላይ ሪከርድ እያደረግሽ ግራፍ ማብራራት ልመጂ፣ ቤት ውስጥ ቲቪ ተከፍቶ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ለማዳመጥ ዶቼ ቬለ (ያው የአማርኛው ሬድዮ ያላቸው) በሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና ከነጽሁፉ በነጻ ይለቃሉ። ጽሁፉን ሳታዪ አንዴ ብቻ ስሚ፣ ቁጥርና ስም ስሙን ወረቀት ላይ ያዢ፣ ከዛ አስተያዪው። እኔን ሌክቸር ላይ ያወጣኝ ይሄ ነው እንጂ ሰዋስው አይደለም፣ ፕሮፌሰሩ ስላይዱ ላይ ሶስት ቃል ጽፎ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ማስታወሻ ካልያዝሽ ፈተና ሲደርስ የምታነቢው ነገር የለሽም። ሽቱትጋርት አካባቢ ከሆንሽ ደግሞ ክላስ ውስጥ የተማርሽው ጀርመንኛና ልጆቹ ካፌ የሚያወሩት የአካባቢው ዘዬ አንድ አይደለም፣ አትደንግጪ፣ ትለምጂዋለሽ።

ሰዋስውን በተመለከተ ግሱ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ለኛ ብርቅ አይደለም፣ አማርኛችንም እንደዛው ነው፣ እኛን የሚያሰቃየን አርቲክሉ (ከስም በፊት የሚመጣው ደር፣ ዲ፣ ዳስ) ነው። ስሙን ከነአርቲክሉና ከነብዙ ቁጥሩ ካልያዝሽው እንዳልያዝሽው ቁጠሪው።

ቀን ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ኦክቶበር ለሚጀምረው ሴሚስተር ብዙ ቦታ ማመልከቻ የሚዘጋው ጁላይ 15 ነው፣ የቴስትዳፍ ውጤት ደግሞ በማግስቱ አይመጣም ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ከጁላይ ወደ ኋላ ቆጥረሽ ተመዝገቢ።