«ድንጋይ በል» ወይስ «ድንጋይ ቦርቧሪ»?

ጥያቄ፦ ስለ ባሕር እንስሳት የተጻፈ መጽሐፍ ስተረጉም ሊቶፋጋ የተባለውን፣ አለት ውስጥ ጎሬ አበጅቶ የሚኖረውን ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ «ድንጋይ በል» አልሁት። አርታኢዬ «ድንጋይ ቦርቧሪ» ብሎ አረመው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እኔ ከአርታኢዎ ጋር ነኝ፤ «በል» በየስሙ ጫፍ ያለ ጥንቃቄ ሲቀጠል ማየት ከቆዩ ቅሬታዎቼ አንዱ ነውና።

ስሙ ግሪክኛ ነው፤ «ሊቶስ» ድንጋይ፣ «ፋጌይን» መብላት ማለት ነው። ቃል በቃል እንተርጉም የሚሉ ወገኖች ይህን ይዘው «ድንጋይ በል»ን ከ«ሥጋ በል»ና ከ«ሣር በል» ጎን ያሰልፉታል። ነገር ግን «ሥጋ በል» የእንስሳውን ምግብ የሚናገር ስም ነው። ሊቶፋጋ ድንጋይ አይመገብም፤ ውኃ በቱቦው ስቦ በስንጥቡ እያጣራ የሚያገኘውን ደቃቅ ተንሳፋፊ ሕይወት ይመገባል፤ ድንጋዩ መኖሪያው ብቻ ነው። ሥርወ ቃሉም ይህንኑ ያጸናል። «በላ» ከግእዙ «በልዐ» የመጣ ሲሆን «ዐ» የተባለው ድምፅ በአማርኛ ጠፍቷል፤ የአድራጊው ስም «በላዒ»፣ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «በላዔ» ስለሆነ፣ እንስሳው በግእዝ ቢጠራ «በላዔ እብን» በተባለ ነበር (ይህ «እብን» በ«እብነ በረድ» ውስጥ ያለው ነው)። ያው ሥር በዕብራይስጥም በዐረብኛም «ዋጠ» ማለት ነው፤ የዋጠ ደግሞ ወደ ሆዱ አስገብቷል።

«ቦረቦረ» እንደ «ሰረሰረ»ና «ፈለፈለ» ፊደሎቹ የሚደጋገሙ ግስ ነው፤ መደጋገሙም ጥቂት በጥቂት የሚመላለስ ድርጊትን ይሥላል። «ሰርሳሪ» እንዳንል ቃሉን ቤት ሰርሳሪው ሌባ ይዞታል፤ «ፈለፈለ» ደግሞ ፍሬን ከቅርፊቱ ማውጣትን ያስታውሳል። ውስጥን ባዶ ማድረግን የሚናገረው «ቦረቦረ» ነው። እንስሳው በትንሽነቱ በጠባብ አፍ ይገባና እያደገ ሲሄድ ጎሬውን ወደ ውስጥ ያሰፋል፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የሰየመው የሜዲትራንያኑ ዝርያ አምስት ሴንቲ ሜትር ለመድረስ ከ15 እስከ 35 ዓመት ይፈጅበታል። በጣልያን ፖዙኦሊ በጥንታዊው የሮማውያን ገበያ ፍርስራሽ የቆሙትን ሦስት የእብነ በረድ ዓምዶች ያስቡ። የሥነ ምድር ሊቁ ቻርልስ ላይል እ.ኤ.አ. በ1830 ባሳተመው ሥራው፣ ምድሩ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ እንደገና መነሣቱን ያስረዳው ሊቶፋጋ በዓምዶቹ ላይ በተዋቸው ቀዳዳዎች ነው። ዓምዶቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ተቦርቡረዋል እንጂ አልተበሉም።

ሆኖም ተከራካሪዎቼ አንድ ብርቱ ማስረጃ አላቸው፤ ባልወደውም መናገር ይገባኛል። ሊቶፋጋ እንደ ዘመዱ እንደ ፎላስ ድንጋዩን በዛጎሉ ጥርስ እየፋቀ አይገባም፤ ዋና መሣሪያው የኖራ ድንጋይን የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። አማርኛም «ብረቱን ዝገት በላው»፣ «ልብሱን ብል በላው» ይላል፤ ዝገት ብረትን የሚበላው ሊመገበው አይደለም። ዛሬማ «ነዳጅ የሚበላ ሞተር» ሲባል የሚደነግጥ አንባቢ የለም። በዚህ መንገድ ከታየ «በላ» ለሊቶፋጋ ሥራ ከ«ቦረቦረ» የማያንስ፣ ምናልባትም የሚቀርብ ግስ ነው።

ጆሮዬ ግን አሁንም «ድንጋይ ቦርቧሪ»ን ይመርጣል፤ እኔም በዚያው እጽፋለሁ። እርስዎ «ድንጋይ በል»ን ካጸኑ ለሊቶፋጋ ብቻ ይሁን። የፎላስ ስም በግሪክኛ «ጎሬ ውስጥ ያደፈጠ» ማለት ስለሆነ፣ መብላትን በስሙም በሥራውም ወደማያውቀው ወደ እርሱ «በል»ን እንዳያሻግሩት አጥብቄ እለምናለሁ።